ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት የደረሱን አምስት ቃላት፦ ስለ በረዶ ሞተርና ስለ መኪና ራሊ ስያሜ

ለዝግጅት ክፍላችን ከሚደርሱት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከመምህራን፣ ከተርጓሚዎችና ከጋዜጠኞች የሚላኩ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን አንድ ደብዳቤ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ደረሰን። ጸሐፊው ከመታሠራቸው በፊት ረጅም ዘመን በከባድ መኪና ሹፌርነት፣ በመጀመሪያ በአሰብ በኋላም በጂቡቲ መንገድ የሠሩ ሰው ናቸው። በማረሚያ ቤቱ ውስጥ ከጓደኞቻቸው ጋር ማታ ማታ የንባብ ክበብ አቋቁመው ነበር። በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት የምትኖር ልጃቸው ከደብዳቤዋ ጋር ከአንድ የእንግሊዝኛ መጽሔት የተቀደደ ገጽ ልካላቸዋለች። ገጹ በብርድ ወራት በበረዶ ላይ በሚነዳ ሞተር እየተዘዋወረ፣ በሙቀት ወራት ደግሞ በመኪና ራሊ እየተወዳደረ የሚዝናናን ሰው ታሪክ የያዘ ነው። ጠያቂያችን ይህን ጽሑፍ ለክበቡ በአማርኛ ለማንበብ ሲሞክሩ በአምስት ቃላት ላይ ቆሙ። ጥያቄአቸውም አምስቱን ቃላት በአማርኛ ምን እንበላቸው የሚል ነበር።

ጥያቄው በመጀመሪያ እይታ ቀላል ይመስላል። በረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር በአገራችን የለም፤ ስሙስ ምን ያደርግልናል የሚል አንባቢም ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ቃላቱን አንድ በአንድ ስንመረምራቸው እያንዳንዳቸው በስያሜ ሥራ ውስጥ ከሚያጋጥሙን ችግሮች አንዱን የሚያሳዩ ሆነው አገኘናቸው። ከአምስቱ አንዱ ደግሞ፣ ወደ ኋላ እንደምንገልጸው፣ በጠያቂያችን ኑሮ ላይ በቀጥታ የደረሰ ነበር።

ወደ ቃላቱ ከመግባታችን በፊት ደብዳቤው ስለ መጣበት ቦታ ስም ጥቂት እንበል። «ወህኒ ቤት» የሚለው የቀድሞ ስም በጎንደር ዘመን የነጋሢ ዘር የሆኑ ሰዎች ይጠበቁበት ከነበረው ከወህኒ አምባ ጋር የተያያዘ ነው። «ከርቸሌ» ከኢጣልያንኛው «ካርቸሬ» የመጣ ውሰት ነው። «ማረሚያ ቤት» ግን አረመ ከሚለው ግሥ የወጣ አገር በቀል ስያሜ ነው። ገበሬ አረሙን ከእህሉ ሲለይ ያርማል፤ መምህር የተማሪውን ጽሑፍ ሲያቃና ያርማል፤ የዚህ መጽሔት አራሚም እንዲሁ። አንድ ግሥ ለእርሻ፣ ለጽሕፈትና ለፍርድ ሥራ አገልግሎ እናገኘዋለን። ጥሩ ስያሜ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ አዲሱ ነገር በቋንቋው ውስጥ ዘመድ ያገኛል።

በስያሜ ሥራ የምንከተለው ቅደም ተከተልም ይህንኑ የሚያንጸባርቅ ነው። በመጀመሪያ ሕዝቡ በሥራ ላይ ያዋለው ቃል መኖሩን እንጠይቃለን። ከሌለ ከግዕዝና ከሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች እንፈልጋለን። ቀጥሎም ካለው ሥር በእርባታ ወይም በማጣመር አዲስ ቃል እንመሠርታለን። እነዚህ ሁሉ ካልሆኑ ቃሉን ከውጭ ተውሰን ከአማርኛ የድምፅ ሥርዓት ጋር እናስማማዋለን። አሁን ወደ አምስቱ ቃላት እንግባ።

1ኛ. «ሆቢ»

እንግሊዝኛው ቃል ጥንት ትንሽ ፈረስ ማለት ነበር። በኋላ ልጆች እግራቸው መካከል አድርገው የሚጋልቡት የእንጨት ፈረስ መጠሪያ ሆነ። ከዚያም ሰው ለጥቅም ሳይሆን ለደስታው ሲል የሚመላለስበትን ነገር ሁሉ ለማመልከት ዋለ። በአማርኛ የተለመደው አተረጓጎም «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» ነው። ጠያቂያችን በዚህ ላይ የጻፉት ሐሳብ አጭር ነው፤ «እኛ ዘንድ ትርፍ ያልሆነ ጊዜ የለም፤ ጊዜ ማሳለፍንማ ሳንወድ የተካንንበት ነው» ይላሉ።

አስተያየታቸው ከቀልድ ያለፈ ነው። «ትርፍ» ከሥራ የተረፈውን፣ «ማሳለፍ» ደግሞ ጊዜው ሳይሰለች እንዲሄድ ማድረግን ያመለክታል። የተባለው ሰው ግን ሞቃቱን ወር ሁሉ የበረዶ ሞተሩን ሲፈታና ሲገጥም ይከርማል፤ ገንዘቡንና ጉልበቱን ያፈስበታል። ይህ ሰው ጊዜን አያሳልፍም፤ ጊዜን ለወደደው ነገር ይሰጣል። አማርኛ «በውዴታ ወይም በግዴታ» የሚል የታወቀ ጥንድ አለው። ከዚህ ጥንድ «የውዴታ ሥራ» የሚለውን ብንወስድ የፅንሰ ሐሳቡን እምብርት የሚይዝ ይመስለናል፤ ሥራ ነው፣ ግን ማንም አላስገደደውም። «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» የሚለው ካርታ ለመጫወት ወይም ሬዲዮ ለማዳመጥ ላለው ቀለል ያለ ትርጉም ይቆይ።

2ኛ. «ዊንተር»

በአምስቱ ውስጥ ከባዱ ይህ ነው። መዝገበ ቃላት ሁሉ «ክረምት» ብለው ይፈቱታል። የቀለም አባቶቻችን ዓመቱን በአራት ይከፍሉታል፤ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ ሐጋይ ወይም በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25። በሚኒሶታ የበረዶ ሞተር የሚነዳው ከኅዳር መጨረሻ ገደማ እስከ መጋቢት መጨረሻ ገደማ፣ በረዶው በበቂ ሁኔታ ሲጠልቅ ነው። ስለሆነም የነሱ «ዊንተር» በአብዛኛው ከእኛ ሐጋይ ጋር ይገጥማል፤ ሰማዩ ጠርቶ፣ ምድሩ ደርቆ፣ አቧራው ከሚነሣበት ወቅት ጋር ማለት ነው።

«ክረምት» ዋና ትርጉሙ ዝናብ ነው፤ «ዊንተር» ግን ብርድ ነው። ሁለቱ በትርጉምም በወርም አይገናኙም። ኢትዮጵያ በሮቤል ተክለማርያም አማካይነት በበረዶ ላይ መንሸራተት ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት በቶሪኖው «የክረምት ኦሎምፒክ» ይህ ግልጽ ሆኖ ታይቷል። ውድድሩ የተካሄደው በየካቲት 1998 ዓ.ም. ነበር። እሱ እንደገና የተወዳደረበት የቫንኩቨሩም በየካቲት 2002 ዓ.ም. ተደርጓል። በሁለቱም ጊዜ «ክረምት» የተባለው ለእኛ በጋ ነበር።

በንባብ ክበቡም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ጠያቂያችን «ሰውዬው በክረምት በሞተር ይዘዋወራል» ብለው ሲያነቡ፣ ከሰሜን የመጡ አንድ ገበሬ «ወንዝ ሞልቶ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ማን ይዘዋወራል?» ብለው አስቆሟቸው። የገበሬው ጥያቄ ትክክል ነበር፤ ጥፋቱ የቃሉ ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን በሳቅ ባለፈ ነበር። ሆኖም የልጃቸው ደብዳቤ በጥር ወር ሲደርሳቸው «ክረምቱ ሲያልፍ መጥቼ አይሃለሁ» የሚል ቃል ነበረበት። አባት መስከረምን ቆጠሩ፤ ስምንት ወር ማለት ነው። ልጅቱ ያሰበችው ግን የምትኖርበትን አገር ብርድ ነበር። በሚያዝያ ወር በመጠየቂያው ቀን ስማቸው ሲጠራ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው ከተቀመጡበት አልተነሡም ነበር። እንደ አጋጣሚ ስሕተቱ ወደ ደስታ አደላ። በተቃራኒው ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም አባት ሚያዝያን ጠብቀው ልጅ መስከረምን አስባ ቢሆን ኖሮ፣ አምስት ወር በከንቱ ደጅ ደጁን ባዩ ነበር። ቀን በሚቆጠርበት ቤት የአንድ ቃል ፍች የዚህን ያህል ይመዝናል።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። «ክረምት» እና «በጋ» ለአገራችን ወቅቶች ይጠበቁ። የሰሜኑን ዓለም ወቅት ስንገልጽ «የብርድ ወራት» እና «የሙቀት ወራት» እንበል። ጸሐፊው ወሩን በስሙ ቢጠራ ደግሞ ይበልጥ ይመረጣል፤ «በሚያዝያ እመጣለሁ» የሚል ሰው ማንንም አያሳስትም። «የክረምት ኦሎምፒክ» ሥር የሰደደ ስም ስለሆነ ለመንቀል አንነሣም፤ ዜና አንባቢው ግን ወሩን ቢጨምርበት አድማጩን ይረዳል።

3ኛ. «ስኖው»

በዕለት አነጋገር «በረዶ» ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርም፣ እንደ ጥጥ የሚራገፈውንም፣ በማቀዝቀዣ የሚረጋውንም ውሃ ይጠራል። ግዕዝ ግን ለይቶ ያውቃል፤ በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ በረድ፣ ሐመዳና አስሐትያ እንደ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተዘርዝረዋል። ሐመዳ በአማርኛ «አመዳይ» ሆኖ ቆይቷል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ለባዘቶ መሳዩ በረዶ ውሏል፤ በብዙ የደጋ አገር ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ምድሩን አልብሶ ሰብል የሚያቃጥለውን ነጭ ውርጭ ያመለክታል።

ነገሩም ለአገራችን ፍጹም እንግዳ አይደለም። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት በአዱሊስ ከአንድ የድንጋይ ዙፋን ላይ የገለበጠው የግሪክ ጽሑፍ ስለ ሰሜን ተራሮች ሲናገር ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ እንዳለባቸው ይገልጻል። ከ4500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በራስ ደጀን ላይ ዛሬም አልፎ አልፎ በረዶ ይጥላል።

ልዩነቱ ለቋንቋ ሊቅ ብቻ የሚጠቅም አይምሰለን። በረዶ ሞተር ላይ ለሚቀመጥ ሰው አመዳይና የረጋ በረዶ አንድ አይደሉም። አመዳዩ ለስላሳና ጥልቅ ሲሆን መንሸራተቻዎቹ ይይዛሉ፤ በውሃ የሚቀዘቅዘውም ሞተር ከኋላው ሰንሰለት በሚረጨው አመዳይ ይበርዳል። በራቁት በረዶ ላይ ግን መሪው ይከዳል፣ ሞተሩም ይግላል። ሐይቅ ላይ የረጋው በረዶ የሳሳ እንደሆነ ደግሞ ሰውና መሣሪያ አብረው ይሰምጣሉ። ስለሆነም በተራ ጽሑፍ «በረዶ» ይበቃል፤ መለየት በሚያስፈልግበት ቦታ ግን ከሰማይ ለሚራገፈው «አመዳይ»፣ ለጠጠሩ «በረዶ»፣ ለረጋው «የበረዶ ግግር» ቢባል እንመርጣለን። ለንጋቱ ቅዝቃዜ «ውርጭ» አለን።

4ኛ. «ስኖሞቢል»

መሣሪያው ከፊት ሁለት መንሸራተቻዎች፣ ከኋላ የሚሽከረከር የጎማ ሰንሰለት አለው። ነጂው እንደ ፈረስ እግሩን ከፍቶ በኮርቻው ላይ ይቀመጣል፤ በእጀታም ይመራዋል። ታሪኩ የጀመረው ከመዝናኛ አልነበረም። በካናዳ በኬቤክ ክፍለ ሀገር ይኖር የነበረው መካኒክ ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየ እ.ኤ.አ. በ1934 መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ የታመመ ሕፃን ልጁን ሐኪም ቤት ማድረስ ስላልቻለ ሞተበት። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ ሰባት ሰው የሚጭን የበረዶ ተሽከርካሪ መሸጥ ጀመረ። ትንሿ ሞተር «ስኪ ዱ» በሚል ስም የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በመጀመሪያ የታሰበላት ስም የበረዶ ውሻ የሚል ትርጉም ያለው «ስኪ ዶግ» እንደ ነበረና በፊደል ስሕተት እንደ ተለወጠ ይነገራል። የአንድ ፊደል ስሕተት ዓለም የሚያውቀው ስም ሆኖ ሊቀር እንደሚችል አራሚዎቻችን ልብ ይበሉ።

በአማርኛ ሦስት አማራጮች ታይተውናል። «የበረዶ መኪና» የሚለው በረዶ የሚጭን ወይም በረዶ የሚጠርግ መኪና ያስመስለዋል። «ተንሸራታች» ደግሞ በራሱ ክብደት ወይም በጎታች ኃይል የሚሄደውን ይመለከታል፤ ይህኛው ግን በሰንሰለቱ መሬቱን እየቧጠጠ ራሱን የሚገፋ ነው። የሚሻለው «የበረዶ ሞተር» ሆኖ አግኝተነዋል። ሕዝቡ በሁለት እግር ጎማ የሚሄደውን በአጭሩ «ሞተር» ይለዋል፤ በኮርቻ የሚቀመጡበትና በእጀታ የሚመሩት በመሆኑ ዘመዱ ነው። ግሡም «ነዳ» ይሁን። ይህ ግሥ ከከብት ወደ መኪና ተሻግሮ የቆየ ነው፤ ወደ በረዶ ቢሻገር አይቸግረውም። ሰንሰለቱን «ሰንሰለት» ማለታችንም አዲስ ነገር አይደለም፤ የዶዘርና የታንክ ነጂዎች ሲሉት የኖሩት ነው።

5ኛ. «ራሊ»

ይህን ቃል አንዳንድ ተርጓሚዎች «ሰልፍ» ይሉታል። እንግሊዝኛው ቃል ለፖለቲካ ሰልፍም ስለሚውል ነው። «የመኪና ሰልፍ» ብንል ግን አንባቢ ወዲያው የሚታየው የነዳጅ ማደያ ወረፋ ነው። ሌሎች «የመኪና እሽቅድምድም» ይላሉ። ይህም አይገጥምም። ተሽቀዳደመ የሚለው ግሥ አንዱ ሌላውን ለመቅደም መሻማቱን ያሳያል፤ በክብ ሜዳ ላይ አብረው ተነሥተው ለሚሽቀዳደሙት መኪናዎች ትክክል ነው። በራሊ ግን መኪናዎቹ በየተራ፣ በተወሰነ የጊዜ ልዩነት ይነሣሉ። ተፎካካሪው ሰዓት ነው። ከአንዱ የፍጥነት ክፍል ወደ ሌላው ሲሄዱም በሕዝብ መንገድ ላይ እንደ ማንኛውም ሰው የትራፊክ ሕግ ያከብራሉ።

ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን የተበተነውን እንደገና ማሰባሰብ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 የተጀመረው የሞንቴ ካርሎ ራሊ ይህንኑ ትርጉም በተግባር አሳይቷል፤ ተወዳዳሪዎቹ ከተለያዩ የአውሮፓ ከተሞች ተነሥተው በአንድ ቦታ ይሰባሰቡ ነበር። በጎረቤታችን በኬንያ እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረው ሳፋሪ ራሊ ለረጅም ዘመን በፋሲካ ሰሞን ይካሄድ ስለ ነበር አቧራውና የዝናቡ ጭቃ በአንድ ውድድር ይገናኙበት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ በ2021 ተመልሷል። የስዊድኑ ራሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950 በሙቀት ወራት ተጀምሮ በ1965 ወደ ብርድ ወራት ተዛወረ፤ መኪናዎቹም ሚስማር በተሰካባቸው ጎማዎች በበረዶ ላይ ይነዳሉ። የጠያቂያችን ሁለት ርእሶች፣ በረዶውና ራሊው፣ እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

የዚህ ውድድር ስም «ራሊ» ሆኖ ቢቀር እንመርጣለን። አንዳንድ ባልደረቦቻችን በዚህ ሊቃወሙን እንደሚችሉ እናውቃለን። የጋራዡ አማርኛ ግን በውሰት የተገነባ መሆኑን እናስታውስ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኮፋኖ፣ ፍሬቻ፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ፣ ታርጋ ሁሉ ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ጋራዥና ሾፌር ከፈረንሳይኛ። ዛሬ ማንም እንደ እንግዳ አያያቸውም። ጎማዎች፣ ፍሬኑ፣ ማርሻችን እየተባለ በአማርኛ ሰዋስው ይረባሉ፤ ራሱን መቆጣጠር ያቃተውን ሰውም «ፍሬኑን በጠሰ» እንለዋለን። በሌላ በኩል «ተሽከርካሪ» እና «አሽከርካሪ» ከአገር በቀል ግሥ ወጥተው በሕግም በመንጃ ፈቃድም ሥራ ላይ ውለዋል። ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ። ትልቁ ፅንሰ ሐሳብ ከራሳችን ሥር ይሰየም፤ ሕዝቡ በእጁ የሚነካካው ዕቃና የታወቀ የውድድር ስም ግን በለመደበት ይጠራ።

ከራሊ ጋር አንድ ተጨማሪ ቃል መነሣት አለበት። ከነጂው ጎን ተቀምጦ የመንገዱን ማስታወሻ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው አለ፤ ኩርባው የቱን ያህል ጠባብ እንደሆነ፣ ዳገቱ ከየት እንደሚጀምር አስቀድሞ ይናገራል። «ረዳት» ብንለው የታክሲ ሒሳብ ተቀባይ ይመስላል። «መሪ» ደግሞ ነጂው የሚጨብጠው ዕቃ ስም ነው። «መንገድ አንባቢ» የሚለውን እናቀርባለን፤ ሥራው ንባብ ነውና። ጠያቂያችን ይህን ስያሜ ሲያገኙ በመልስ ደብዳቤአቸው እንደ ጻፉልን፣ በንባብ ክበቡ ለዓይነ ሥውር ጓደኛቸው መጽሐፍ የሚያነብላቸውን ወጣት በዚህ ስም መጥራት ጀምረዋል።

በአጠቃላይ ያቀረብናቸው ስያሜዎች የሚከተሉት ናቸው፦

ለሆቢ፦ የውዴታ ሥራ
ለሰሜኑ ዓለም ዊንተር፦ የብርድ ወራት
ለስኖው፦ አመዳይ (መለየት ሲያስፈልግ)፣ በተራ አነጋገር በረዶ
ለስኖሞቢል፦ የበረዶ ሞተር
ለራሊ፦ የመኪና ራሊ፤ ለነጂው ጓደኛ፦ መንገድ አንባቢ

እነዚህ ሐሳቦች እንጂ ውሳኔዎች አይደሉም። ስያሜ በጠረጴዛ ዙሪያ ቢታሰብም የሚጸድቀው በተናጋሪው አንደበት ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ፣ በረዶውን በዓይናቸው የሚያዩ ኢትዮጵያውያን አንባብያን የሚጠቀሙባቸውን ቃላት ቢልኩልን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን። እስከዚያው ድረስ ግን ከአምስቱ አንዱን ሳይዘገዩ በሥራ ላይ እንዲያውሉልን እንለምናቸዋለን፤ ወደ አገር ቤት ደብዳቤ ሲጽፉ «ክረምቱ ሲያልፍ» ከማለት ይልቅ ወሩን በስሙ ይጥሩልን። የሚጠብቅ ሰው የሚቆጥረው በእኛ ክረምት ነው።